ተመችቶሽ ነበር መሰለኝ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ሶስቱ ዞረው ዞረው ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ሰው ሀገር ሲቀይር ኪሎው ለምን ይቀየራል የሚል። ሶስቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው፣ አንዷ ከገላን፣ አንዷ ከሰበታ፣ አንዱ ከለገጣፎ። እኔም የካ አባዶ ነዋሪ ስለሆንኩ የዳር ሰው ነገር ቶሎ ይገባኛል (ደግሞ መጽሔት አንብቦ የሚጨርሰው የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ሰው ነው)። የተማርኩት ስነ ምግብ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ ሐኪም ጋር ሂዱ ያልኩበት ቦታ ላይ ሂዱ ማለቴ ነው። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው፣ ስሜ ይቅር። 29 ዓመቴ ነው፣ ሪያድ ሰው ቤት 5 ዓመት ሰርቼ ከመጣሁ 4 ወር ሆነኝ። ስሄድ 52 ኪሎ ነበርኩ ስመጣ 79። ኤርፖርት የተቀበሉኝ ዘመዶቼ ሲያዩኝ እልል ነው ያሉት፣ እናቴ አቅፋኝ አልቅሳ ስታበቃ ራቅ ብላ አየችኝና «ተመችቶሽ ነበር መሰለኝ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበላት፣ እዛ ቤት ቁጭ ብዬ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም፣ እነሱ በልተው እኔ እቃ አጥቤ ልጆቹ ተኝተው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነበር ድስት ስር የቀረውን ሩዝ ቆሜ የምበላው። አሁን ሰፈር ውስጥ ስለወፈርኩ ብር ይዛ ነው የመጣችው ይሉኛል፣ ሁለት ሰው ብድር ጠይቆኛል። ቲክቶክ ላይ የሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይ ገዝቼ ጀምሬ ነበር ሆዴን ሲቆርጠኝ ተውኩት። ያልተመቸው ሰው እንዴት ይወፍራል? ምንስ ላድርግ? — ከገላን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አትቀየሚያት። እኛ ጋ ሰው ከሳ ማለት ወይ ታመመ ወይ ቸገረው ነው፣ ወፈረ ማለት ደላው ነው፣ አለቀ። «ምነው ከሳሽ» ብሎ የሚያዝንልሽ ሰው «ወዝሽ መጣ» ሲል እየመረቀሽ ነው። ክፉ ቀን ያየ ሰው የሰውን ገላ እንደ ባንክ ደብተር ነው የሚያነበው። እናትሽ 5 ዓመት ሙሉ ልጄ ትበላ ይሆን ብላ ስትብሰለሰል ከርማ 79 ኪሎ ሆነሽ ስትመጪ እፎይ ብትል አይፈረድባትም፣ የተሳሳተችው ንባቡን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያልተመቸው ሰው ይወፍራል፣ እንዲያውም አንዳንዴ የሚወፍረው ስላልተመቸው ነው። አንደኛ እንቅልፍ። ሌሊት 7 እና 8 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው በማግስቱ ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጎመን ሳይሆን ጣፋጭና ቅባት ነው። ይሄ የሆዳምነት ጉዳይ አይደለም፣ እንቅልፍ ሲጎድል ግሬሊን የሚባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን ከፍ ይላል፣ ሌፕቲን የሚባለው ጠገብኩ ብሎ የሚነግርሽ ደግሞ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ በልተሽም የበላሽ አይመስልሽም። ሁለተኛ ሰዓቱ፣ ያው አንድ ሰሃን ሩዝ ቀን ስትበይውና እኩለ ሌሊት ስትበይው እኩል አይደለም፣ ሰውነት ማታ ማታ ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ይቀንሳል። ሶስተኛ ቆሞ በጥድፊያ መብላት፣ ጨጓራ ጠገብኩ የሚለው መልእክት አንጎል እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል አንቺ ደግሞ ያ ጊዜ አልነበረሽም፣ «ነይ» ሳትባዪ በፊት ዋጥ ዋጥ ነው። ከዛ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ ጨምሪበት፣ ብዙዎቹ ከዛ የመጡ ልጆች የሚነግሩኝ ቀኑን የሚገፉት በሻይ እንደነበር ነው። ጭንቀቱን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቀኑን ሙሉ እየሰራሁ እንዴት ትይኝ ይሆናል፣ ልክ ነሽ ስራው ይገድላል። ግን ስራው በአራት ግድግዳ ውስጥ ነው፣ እዚህ እያለሽ ገበያ ትሄጃለሽ፣ ወፍጮ ቤት ትሄጃለሽ፣ ታክሲ እስክታገኚ ግማሽ መንገድ በእግርሽ ነው፣ እዛ በር ተዘግቶ የሚኖር ሰው ፀሐይ እንኳን በመስኮት ነው የሚያየው።

ደግሞ ያንቺ ብቻ አይደለም ይሄ። የኛው ሰዎች ላይ በደንብ የተጠና ነገር አለ። በግንቦት 1983 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል፣ ከነሱ በፊትም በሱዳን በኩል የገቡ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሲገቡ ቀጫጭን ናቸው፣ ስኳር በሽታም የለባቸውም ማለት ይቻላል። እዛ ያሉ ሐኪሞች ሲከታተሏቸው ግን ብዙ ዓመት ሳይቆይ ስኳር እየበዛ መጣ፣ ወጣቶቹ ላይ ጭምር። ጤፉና ጥራጥሬው ቀርቶ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጣ፣ እርሻና እግር መንገድ ቀርቶ አውቶብስና ፋብሪካ መጣ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ ብዙዎቹ ስኳር የያዛቸው ገና በሚዛን ሲታዩ ወፍራም ሳይባሉ ነው። የኛ ሰው እንደ ፈረንጅ እስኪወፍር ድረስ አይጠበቅም ማለት ነው፣ ሆዱ አካባቢ ትንሽ ሲጨምር ነገሩ ይጀምራል። ለዚህ ነው እንግሊዝ ሀገር የወጣው የጤና መመሪያ በፈረንጆቹ 2022 ላይ ለጥቁር አፍሪካውያንም ሆነ ለእስያ ሰዎች የውፍረት መለኪያውን (BMI የሚባለውን፣ ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚመጣውን ቁጥር) ዝቅ ያደረገው፣ ለሌላው 25 ላይ የሚጀምረው ከመጠን ያለፈ ክብደት ለኛ 23 ላይ ይጀምራል።

23 ምንድነው ብለሽ ካልኩሌተር አትፈልጊ፣ ክር አምጪ። ከራስሽ እስከ እግርሽ ቁመትሽን በክር ለኪና ክሩን ሁለት እጠፊው፣ ከዛ ወገብሽ ላይ በእምብርትሽ ትይዩ ዙሪያውን አዙሪው። የታጠፈው ክር ከገጠመ ደህና ነሽ፣ ካልገጠመ ሆድሽ ውስጥ ያለው ስብ ከሚገባው በላይ ነው። ሰው ሁሉ ጂም ካርድ ከመግዛቱ በፊት ይሄን ክር ቢሞክር ደስ ይለኛል፣ ብር አያስወጣም።

ከዛ ጤና ጣቢያ ሂጂና ምግብ ሳትቀምሺ በጠዋት ስኳር ተለኪ፣ ደም ግፊትም አብረሽ። ስኳሩ ከ100 በታች ከሆነ ጥሩ፣ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፣ 126 እና ከዛ በላይ ሁለቴ ከመጣ ስኳር በሽታ ነው፣ ሐኪሙ ይነግርሻል።

ወደ 52 ኪሎ መመለስ አለብኝ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2002 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር፣ ስኳር ሊይዛቸው ጫፍ የደረሱ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ በሽታው የመያዝ እድሉ 58 በመቶ ቀነሰ። ካንቺ 79 ኪሎ 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ነው በቃ። 150 ደቂቃ ደግሞ በቀን ግማሽ ሰዓት ለ5 ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ነው፣ ገላን ላይ መንገድ ሞልቷል፣ አቧራውን ቻይው እንጂ።

ሻዩን መተውሽ ደግ አደረግሽ፣ ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻይ የሚባሉት ውስጥ ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው ያለው፣ የሚያስወጣብሽ ውሃና ሰገራ ነው፣ ስቡን ንክች አያደርገውም፣ ሲደጋገም ደግሞ አንጀትን ያሰንፋል። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አሁንም ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይርብሻል አይደል? ብዙ ተመላሾች እንደዛ ናቸው፣ ሰውነት የሪያድን ሰዓት ይዞ ነው የሚመጣው። ከቤተሰብ ጋር ማታ በጊዜ አንድ ትሪ ላይ ተቀምጠሽ ብዪ፣ ቀስ ብለሽ፣ እያወራሽ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ትነቂያለሽ፣ ውሃ ጠጪና ተኚ። የሻይሽን ስኳር ከ3 ማንኪያ ወደ 2 ከዛ ወደ 1። ሌላውን ቀስ ብለን።

ብድር ለጠየቁሽ ሰዎች ኪሎ ባንክ አይመነዘርም በያቸው። ለእናትሽ ግን ያንን የድስት ስር ሩዝ አንድ ቀን ቡና እያፈላሽ ንገሪያት፣ ሁሉን አይደለም የቻልሽውን ያህል። «ተመችቶሽ ነበር» ያለችሽ እኮ የምታውቀው በፎቶ ያየችውን ብቻ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ ልጆቼ። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ልጄ ጀርመን ሀገር ማስተርሱን ሊማር ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚህ እያለ ደንዳና ነበር፣ 74 ኪሎ፣ አሁን በቪዲዮ ሳየው ጉንጩ ገብቷል አንገቱ ሰልሏል፣ ስንት ኪሎ ሆንክ ስለው 63 አለኝ። ምን በላህ ስለው ዳቦ፣ ማታስ ስለው ዳቦ። ታሞ እየደበቀኝ ይሆን? ቅቤና ቋንጣ የሚወስድልኝ ሰው አግኝቼ ነበር፣ አይቻልም ብሎ መለሰልኝ፣ ሰው ደግሞ ምቀኛ ነው። — እናት ከሰበታ

መልስ፦ እማማ፣ ሰውየው ምቀኛ አይደለም፣ እውነቱን ነው። የአውሮፓ ህብረት ሀገሮች ከውጪ የሚገባ መንገደኛ ሥጋም ሆነ ወተት ነክ ነገር በሻንጣ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም፣ የከብት በሽታ እንዳይገባባቸው ብለው ነው። ቅቤዎ ኤርፖርት ላይ ተይዞ ቢጣል ሁለት ሀዘን ይሆንብዎታል።

ዳቦውን በተመለከተ ልጅዎ አልዋሸም። ጀርመኖች ከጥንትም ማታ ላይ የሚበሉት ቀዝቃዛ እራት ነው፣ ዳቦ ላይ አይብ ወይም የተቆረጠ ሥጋ አድርገው፣ ስሙ ራሱ የማታ ዳቦ እንደማለት ነው። ለነሱ የሚያጠግብ ነገር ነው፣ ዳቦውም እንደኛ ሰፈር ዳቦ ቤት ነጭ ሳይሆን ጠቆር ያለ ከባድ ነው። ለልጅዎ ግን ዳቦ ቁርስ ነው፣ ወጥ ካልነካ እራት አልበላም ማለት ነው። ለአንድ ሰው ብሎ ሽንኩርት ቀቅሎ ወጥ መስራት ደግሞ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ያስጠላል። እማማ እዚህ ቤት አንድ ሰው የሚበላው በራሱ እጅ ብቻ አይደለም፣ እርስዎ አንዴ፣ እህቱ አንዴ፣ «በሞቴ» እየተባለ ስንት ጉርሻ ይገባል። እዛ በሞቴ የሚል የለም። ሰው ከወዳጆቹ ጋር ሲበላ ብቻውን ከሚበላው በለጥ አድርጎ እንደሚበላ በጥናትም ተደጋግሞ ታይቷል፣ እርስዎ ግን ያለ ጥናትም ያውቁታል። ላዩ ላይ ሳይክል መጋለቡንና ባቡር ለመያዝ መሮጡን፣ ብርዱን፣ ፈተናውን ይጨምሩበት። ክረምታቸው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ እሱ ብቻ ሰውን ምግብ ያስጠላል።

ይሄን ሁሉ ያልኩት ግን ዝም ይበሉ ለማለት አይደለም። ሰው ሳያስበው በ6 ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ መታየት አለበት ነው የሚባለው፣ የርስዎ ልጅ በሁለት ዓመት ወደ 15 በመቶ ቀንሷል። ምናልባት የብቸኝነትና የዳቦ ነገር ብቻ ነው፣ ቢሆንም ይመርመር። ውሃ በጣም ይጠማሃል ወይ፣ ሌሊት ሽንት ያስነሳሃል ወይ፣ እየበላህ ነው ወይ የምትከሳው፣ ሳል አለህ ወይ፣ ሌሊት ያልብሃል ወይ፣ ብለው ይጠይቁት፣ ከነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮውን ዛሬ ይያዝ። ስኳርም ሳንባም እንቅርትም እንዲህ ያደርጋል። ገንዘብ የለኝም እንዳይልዎት፣ ጀርመን ተማሪ ሲመዘገብ የጤና ኢንሹራንስ ግዴታው ስለሆነ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፣ ወንድ ልጅ ሲከፋው አይናገርም፣ ይከሳል። «ምን በላህ» ከሚሉት «ከማን ጋር በላህ» ይበሉት እስኪ፣ መልሱን ያዳምጡ።

ለመላክ ከሆነ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በሶ በተለይ ለሱ የተፈጠረ ነው፣ ምጣድ አይፈልግ ወጥ አይፈልግ፣ በማር በጥብጦ ወይም ጨብጦ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሽሮም በ15 ደቂቃ ይደርሳል። እና አንድ የምወደው ዘዴ አለ፣ የሰዓት ልዩነታችን በበጋቸው 1 ሰዓት በክረምታቸው 2 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እራት ላይ ስልኩን ትሪው አጠገብ አቁመው ይደውሉለት፣ እናንተም ብሉ እሱም የሰራትን ሽሮ ይዞ ይቅረብ። አንድ ወዳጄ ከእናቱ ጋር እንዲህ እያደረገ ነው ሁለት ክረምት ያለፈው። ሲደውሉ ግን መጀመሪያ «ከሳህ» አይበሉት እማማ፣ ልጁ ስልክ ማንሳት ይፈራል።

ጥያቄ፦ ሄሎ ብሮ፣ የአሜሪካ ፕሮሰሴ አልቆ በቅርቡ ቨርጂኒያ ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው። 31 ዓመቴ ነው 66 ኪሎ ነኝ። ወንድሜ በ3 ዓመት 24 ኪሎ ጨምሮ ነው የጠበቀኝ፣ «አንተም ታያታለህ ውሃው ነው» ይለኛል። እውነት ውሃው ነው እንዴ? እንዳልወፍር ምን ላድርግ? ጾም የምጾም ሰው ነኝ፣ እሱ አይረዳም? — ከለገጣፎ

መልስ፦ ብሮ፣ ውሃው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር ምክንያቱም ውሃ የሚጠጣ ሰው የለም። እኔ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ 6 ዓመት ኖሬያለሁ፣ 64 ሄጄ 81 ሆኜ ነው የተመለስኩት፣ ስለዚህ በስሚ አይደለም የምነግርህ። ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፣ 8 ሰዓት መቀመጥ ነው። ከጎኔ ለስላሳ የሚሸጥ ማሽን አለ። አንድ የአሜሪካ ጣሳ ኮካ ውስጥ 39 ግራም ስኳር አለ፣ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ50 ግራም አትለፉ ቢቻል ከ25 በታች አድርጉት ይላል፣ እኔ በአንድ ሌሊት ሶስት ጣሳ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ብዬ። ጠዋት ቤት ስገባ ደግሞ «እራቴን» እበላለሁ፣ የትላንት ጥብስ በእንጀራ፣ ከዛ እተኛለሁ። ያኔ ስነ ምግብ ተምሬ ነበር አልተማርኩም? ተምሬ ነበር። ያው ነው።

ጥናቱም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ በፈረንጆቹ 2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው ስደተኞች ውስጥ ከ100 ሰው 8ቱ ነበሩ ከልክ በላይ ወፍራም፣ 15 ዓመትና ከዛ በላይ የኖሩት ጋ ግን 19። ስለዚህ በደረስክ በ3 ወር አትፈነዳም፣ በየዓመቱ 2 ኪሎ 3 ኪሎ እያለ ነው የሚመጣው፣ ሱሪ ስትቀይር ነው የሚገባህ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሕዝቡ የሚጾመውን ሰባቱን አጽዋማት ረቡዕና አርብን ጨምሮ ስትቆጥረው በዓመት ወደ 180 ቀን ይመጣል፣ እዚህ ያ ማለት ምስር ክክ ጎመን ነው፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየትም አለበት። እዛ ግን ተጠንቀቅ፣ የድንች ጥብስ የጾም ነው፣ ኮካ የጾም ነው፣ ቺፕሱም ዶናት የሚመስለውም አንዳንዱ የጾም ነው፣ እኔ ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ 4 ኪሎ ጨምሬ የፈሰክሁበት ዓመት አለ። ጾሙ ሳይሆን ወጡ ነበር የሚጠብቀን።

እንጀራ አታጣም፣ አይዳሆ በሚባለው ስቴት በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይዘራል፣ አበሻ ሱቅ ሞልቷል። ግን ፓኬቱን አንብብ፣ ብዙው በስንዴና በሩዝ ዱቄት የተደባለቀ ነው፣ ነጭነቱና ልስላሴው እንዳያታልልህ። ዘይቱንም እይ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ እዚህ ሌላ ሌላው ቢቀር ዋጋው እጅህን ይይዘዋል፣ እዛ ርካሽ ስለሆነ ከጋሎኑ በቀጥታ ነው የሚንቆረቆረው። ሥጋውም እንደዛው፣ እዚህ ለበዓል የምትበላውን ክትፎ እዛ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

ምን ላድርግ ላልከው፣ ሶስት ነገር ብቻ ያዝ። ለስላሳ ቤት አታስገባ፣ ወንድምህ ካስገባ እሱ ይጠጣ። ሌሊት የምትሰራ ከሆነ ምግብህን ቋጥረህ ሂድና ከእኩለ ሌሊት በፊት ብላው፣ ከዛ በኋላ ውሃ ወይም ስኳር የሌለው ቡና። ሶስተኛው እግርህ ነው፣ ከቤት ወደ መኪና ከመኪና ወደ ስራ ከሆነ ቀንህ አለቀልህ፣ ከስራ በፊት 30 ደቂቃ ዝም ብለህ ሂድ፣ ሰው ያየኛል አትበል ማንም አያይህም፣ የእግረኛ መንገዱ ባዶ ነው።

እና ውሃው ያልከው ነገር፣ እኔ ከተመለስኩ በኋላ ያለ ጂም ያለ ዳይት በ8 ወር 9 ኪሎ ቀነስኩ፣ ሰው ሁሉ ምን አደረግክ ሲለኝ ሳስበው በርግጥም ውሃው ነው። ኮንዶሚኒየማችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፣ ሊፍት የለም፣ እኔ 4ኛ ፎቅ ነኝ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን።